በሚካኤል ቀን የቆረጥኩት ቁልፍ

ኅዳር 12፣ ሰቆጣ

የመኪናችን የካምቢዮ ዘይት ጊዜው አልፏል። የዘይቱ መውጫ ቡሎን ግን ካምቢዮውን ከሚሸከመው ብረት ጋር ተጠጋግቷል፤ የሚፈታበት ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ መግቢያ አጣ። ገበያውን ዞርኩ፤ ያሉት ሁሉ ጫፋቸው ረጅም ነው። አንዱን ገዝቼ በብረት መጋዝ ላሳጥረው ስል የባሌ የወንድም ልጅ ሞላ ከለከለኝ።

«እትዬ፣ ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው፤ ጎረቤት ምን ይላል? ነገ ሰሃላ ደርሼ ስመለስ ዘይቱን እቀይረዋለሁ።»

እኔም ባሌን እንዲሁ ብዬው ነበር። ቀኑ ሐምሌ ገብርኤል ነበር፤ «በበዓል ብረት አትንካ፤ ስትመለስ ትቀይረዋለህ» አልኩት። ካምቢዮው ወንዝ መሐል ነክሶ መኪናው ቆመ፤ ባሌን ጎርፍ ወሰደው። ያልኩትን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም።

«ጎረቤቱን ለእኔ ተወው» አልኩት ሞላን።

«ሚካኤልስ?»

«ከእሱም ጋር እኔው እነጋገራለሁ። ይልቅ ብረቱን ያዝልኝ።»

አልያዘልኝም። ብቻዬን ቁልፉን ቆርጬ ከመኪናው ስር በጀርባዬ ገባሁ። ቁልፉ ልክ ገባ፤ ቡሎኑ ግን አልላላ አለ። ክንዴ እስኪዝል ታገልኩት።

ሞላ ነገ በማለዳ እነሳለሁ ይላል። የመኪናውን ማስነሻ ቁልፍ መቀነቴ ላይ ቋጥሬዋለሁ። አሮጌው ዘይት ሳይወርድ አልፈታለትም።