ወንድሜን ለጤናው ብለው ላሰሩልኝ ዳኛ

ለተከበሩ የከተማችን ዳኛ፣

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ፣ ጤና በእስር እንደሚገኝ ካስተማሩን ወዲህ፣ የእርስዎን ጤንነት ሳልመኝ የዋልኩበት ቀን የለም።

ታናሽ ወንድሜ ሚልኬሳ የባጃጅ ሹፌር ነበር። ወደ እጃጂ ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ተገልብጦ እግሩ ከተሰበረ በኋላ ለሕመሙ የታዘዘለት ትራማዶል ሱስ ሆነበት፤ በመጨረሻም የሰው ባጃጅ ባትሪ ፈትቶ ወስዷል ተብሎ ተከሰሰ። እርስዎም ባለፈው ወር «ለራሱ ጤንነት ሲባል» ዋስትና ከለከሉት። ለዚህ አባታዊ አሳቢነት ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. እስር ቤት ሕክምና ያገኛል ስላሉን እናመሰግናለን። የእስር ቤቱ ነርስ ሲስተር ሮዛ ያላቸውን አልነፈጉትም፤ ሲንቀጠቀጥም፣ ሲያስታውከውም፣ ሦስት ቀን እንቅልፍ ሲያጣም ፓራሲታሞል ሰጥተውታል።

2. ይሰወራል ብለው ስለሰጉም እናመሰግናለን። ሚልኬሳ በሕይወቱ ከጌዶ ከተማ አልፎ አያውቅም፤ አሁን ደግሞ ግድግዳ ሳይደገፍ ሽንት ቤት አይደርስም።

3. ሦስተኛውን በእርስዎ ላይ ላላክክ ብዙ ሞክሬ አልሆነልኝም። የመንግሥት ሠራተኛ ነህና ዋስ ሁነው ተብዬ፣ ከትምህርት ቤቴ የደመወዝ ማረጋገጫ አጽፌ ችሎት ገብቼ ነበር። ስሜ ሲጠራ ግን ወረቀቱን ከኪሴ አላወጣሁም። ቢለቀቅ ይጠፋል፣ ታስሮ ቢቆይ ግን ከሱሱ ይላቀቃል ብዬ ተናገርኩ። እንደሚጠፋ በምን አውቄ? የቤት ዕቃ መሰረቁ፣ የእናታችን የአዴ ጉዴ ልቅሶ ሰልችቶኝ፣ ጥቂት ሳምንት እፎይ ማለት ፈልጌ ነው። ሚልኬሳ ቆሞ እየሰማ ዓይን ዓይኔን ያየኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በራሴ አፍራለሁ።

እርስዎ ግን የሐኪም ወረቀት እንኳ ሳይጠይቁ የፊዚክስ መምህርን ቃል እንደ ሐኪም ቃል መቀበልዎ ለሙያዬ ያለዎትን ክብር ያሳያል። ሰኞ ጉዳዩ እንደገና ሲታይ ያንን ቃሌን ሐሰት ብለው እንዲጥሉት፣ ወንድሜንም በዋስ ለቀው አምቦ ሄዶ እንዲታከም እንዲፈቅዱለት በትሕትና እለምናለሁ።

ሲያስሩም ሲፈቱም ለጤናችን ለሚጨነቀው ችሎትዎ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣

አያና፣
የፊዚክስ መምህርና የታሳሪው ታላቅ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰኞ ዋስ ልሁነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ሚልኬሳ ግን በእኔ ዋስትና ከሚወጣ እዚያው ቢቀር እንደሚሻለው በሲስተር ሮዛ በኩል ልኮብኛል፤ ከዘመዶቻችን ደግሞ ሌላ ደመወዝተኛ የለም። እርስዎ በአንድ ቀን ቃሌ አመኑኝ፤ እሱ ዕድሜውን ሙሉ አውቆኝ አላመነኝም። ከሦስታችን በትክክል የፈረደው ሱሰኛው ነው።