ሚስ ሎቪኒያ ስንት ቦታ ተወለደች?

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 3፣ 1934

ዛሬም አሳንሰር መንዳት፤ ሰው ማውጣት፣ ማውረድ። አራት ዓመት ኮሌጅ፣ ከዚያ "ስንተኛ ፎቅ ጌታዬ?"... ዲፕሎማዬን እዚያው ብሰቅለው ምን ይሉኝ ይሆን?

ከሥራ ስወጣ ሥራ ወደ ጠየቅኩበት ጋዜጣ ቢሮ ሄድኩ። አዘጋጁ ሚስተር ታሊቨር ቀና እንኳ ሳይል፣ "የሚስ ሎቪኒያን የሕይወት ታሪክ እስከ አርብ አምጪ። ካማረ ሥራው ያንቺ ነው። ካላማረ አሳንሰርሽ አለልሽ።"

ሚስ ሎቪኒያ ፔቲፎርድ... ሴቱ ሁሉ በቀሚስ ሲሽከረከር፣ ሱሪ ታጥቃ ከወንዶቹ እኩል መድረኩን በጫማዋ ብረት የቀጠቀጠች። በዚህ በጥቁሮች ሰፈራችን፣ ሃርለም ውስጥ ማን አያውቃትም?

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 4

በብረት ጫማ ወለል እየመቱ የሚደንሱት የታፕ ዳንሰኞች መለማመጃ፣ ምድር ቤት አገኘኋት። ስልሳ አልፏታል፤ እግሯ ግን ገና አልሰማም።

"የት ተወለዱ?"

"ሳቫና ከተማ፣ ዓሣ ገበያ ውስጥ።"

ጻፍኩ። ጫማዋን አስራ ስትጨርስ፣ "ሜምፊስ፣ የጥጥ ክምር ላይ" አለች። ጻፍኩ። ስወጣ ደግሞ ጆሮዬ ላይ፣ "አንድ ፓስተር ቤት ነው የተወለድኩት፤ ለማንም እንዳትነግሪ።"

አንድ እናት ስንት ቦታ ታምጣለች?

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 5

"ሚስ ሎቪኒያ፣ እውነቱን ይንገሩኝ" ብዬ ለመንኳት። በከዘራዋ ወደ ጥጉ ጠቆመችኝ። ሁለት ጎረምሶች ተናንቀዋል። ቀጭኑ የሌላውን አረጋገጥ እንዳለ ገልብጦ ሲደንስ ተይዟል።

"አየሽ ምሩቋ፣ እዚህ ቤት መስረቅ ነውር አይደለም። እንዳለ መድገም ነው ነውሩ። የሰረቅሽውን ትለውጪዋለሽ። እኔ አንዴ የረገጥኩትን ደግሜ አላውቅም፤ አንቺ አንድ ወሬ ሁለቴ እንዳወራልሽ ትፈልጊያለሽ?"

"የሱሪውስ ነገር?"

"እሱ እውነት ነው። የቲያትሩ ባለቤት ቀሚስ ልበሺ ቢለኝ፣ አንተ ልበሰው ብዬው ወጣሁ።"

አርብ፣ ኤፕሪል 6

ሚስተር ታሊቨር የሚፈልገው አንድ ልደት ነው። ከሦስቱ የቱን?... አራተኛ ፈጠርኩላት። ባቡር ላይ፣ ድልድይ መሃል፣ ጥቁሮች በሚታጨቁበት ፉርጎ። የባቡሩ ምት ገና ስትወለድ እግሯ ውስጥ ገባ።

ሚስተር ታሊቨር መነጽሩን አወለቀ። "ይሄ ነው" አለ።

ምን አደረግኩ?

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 7

ታሪኩ ወጣ። ስሜ ታትሟል። እናቴ አምስት ቅጂ ገዛች።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 9

አዘጋጁ አስጠራኝ። ስገባ ሚስ ሎቪኒያ ተቀምጣለች፤ ጋዜጣው ጭኗ ላይ። አለቀልኝ... አሳንሰሩ ታየኝ።

"ባቡር ላይ መወለዴን ማን ነገረሽ?"

ሚስተር ታሊቨር አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን ያያል።

"አንድ ነገር ተሳስተሻል" አለች። "ዝናብ ነበር።"

ሚስተር ታሊቨር "ዝናብ" ብሎ ጻፈ።

ደረጃው ላይ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ አጥብቃ። "የሱሪዬን ታሪክ አለመንካትሽ በጀሽ። ነክተሽው ቢሆን ይሄ ከዘራ ነበር የሚያናግርሽ።"

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 12

አሳንሰሩን ለቀቅኩ። ጋዜጣው ቢሮ ወንበር ሰጡኝ፣ አንድ እግሩ ያነክሳል፤ የኔ ነው።

ከሰዓት ምድር ቤቱ ጎራ ብል፣ ሚስ ሎቪኒያ ለዳንሰኞቹ ባቡሩን ታወራለች። ዝናቡ አለ። ድልድዩ አሁን ይወዛወዛል። "ስወለድ ትኬት ቆራጩ በባርኔጣው ተቀበለኝ" ስትል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔን አየችና ዓይኗን ጠቀሰችኝ።

ባርኔጣው የኔ ፈጠራ አይደለም። እንዴት አላሰብኩትም?... ልሰርቀው ነው። ግን በምን ልለውጠው?