የክሎንዳይክ ውሃ የሚጎድልበት ወር

ሰኞ፣ መስከረም 15 ቀን 1999

ተክሌ ወርቅ ሊያጥብ ነው አሉ። በስድሳ ሦስት ዓመቱ፣ በዚያ በሚያመው ጉልበቱ፣ ካናዳ ድረስ፣ ክሎንዳይክ ወንዝ። እሑድ በአውቶቡስ ይነሳል። እዚህ ሻኮፒ ከተማ መጋዘን ውስጥ አብረን ሠርተን ጡረታ የወጣን ሰው ነው፤ ጤነኛ ይመስለኝ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐበሻ ምግብ ቤት ለሚሰበሰቡት ሽማግሌዎች ስለዚያ ወንዝ የማወራው እኔ ነኝ። ካርታውንም በእጄ የሳልኩት እኔ። ያስተማርኩት ግን ጂኦግራፊ ነው። እነሱ የሰሙት ወርቅ ብቻ። የመቶ ዓመት ወሬ ዛሬም ሰው ያሳብዳል። ያስጠላል።

ረቡዕ 17

ተክሌ እቤት መጣ። አረንጓዴ የፕላስቲክ ሳህን ይዟል፤ ወርቅ ማጠቢያ ነው አለኝ። እኛ በወጣትነታችን አዶላ ከእንጨት በተጠረበ ገበቴ ነበር የምናጥበው። ይኼ የውሻ መመገቢያ ነው አልኩት። ሳቀ።

«በዚህ ብርድ ማን ሂድ አለህ?»

«አንተው ነህ እንጂ፣ መምህሬ። ካርታው ጀርባ ላይ ጽፈሃል፤ ከጥቅምት ጀምሮ ውሃው ይጎድላል፣ አሸዋው ይወጣል።»

ካርታውን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ፤ ገልብጬ አየሁት። የእጄ ጽሕፈት ነው። «ታዲያ ሂዳ» ብዬ በሩን ከፈትኩለት።

ሐሙስ 18

ሴንት ፖል፣ ቤተ መጻሕፍት። ሁለት መጽሐፍ፣ አንድ ትልቅ አትላስ። ትልቁ የዩኮን ወንዝ የሚነሳው ከባሕር አጠገብ ነው፤ ግን ለባሕሩ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ሰሜን ይሄዳል። ግትር ወንዝ። ክሎንዳይክ ከቀኝ በኩል ይገባበታል። ይህ ሁሉ ካርታዬ ላይ ልክ ነው።

ወሩ ስህተት ነው። ጥቅምት ላይ እዚያ በረዶ ይንሳፈፋል፤ ትንንሾቹ ጅረቶች ድንጋይ ይሆናሉ። መሬቱ ራሱ በረዶ ነው፤ የድሮዎቹ ወርቅ ፈላጊዎች እሳት እያነደዱ ነው የቆፈሩት። እኔ የጻፍኩት የአዶላን ነው፤ ዝናብ ሲያቆም ወንዙ ይጎድላል፣ ያኔ እናጥባለን። ብርዱን ደግሞ እዚህ ባለው በሚሲሲፒ ወንዝ ገመትኩ፤ እሱ ጥቅምት ላይ ገና ይፈሳል። ሳላነብ ጻፍኩ። ሌላ ሰው ቢያደርገው ይቅር የማልለው ነገር።

ዓርብ 19

ለተክሌ አልደወልኩም። ልጄ አልማዝ፣ «አባዬ፣ ኮል አድርግለትና ተገላገል» አለችኝ። ሰው በስልክ ይታረማል እንዴ። ራሴን ተጸየፍኩት። ሾርባውም አስጠላኝ።

ቅዳሜ 20

ምግብ ቤት ሄድኩ። ሁሉም ባሉበት ካርታውን ከተክሌ ተቀብዬ ከጀርባው ያለውን መስመር በቀይ ሰረዝኩ። «ተሳስቻለሁ» አልኩ። አንዱ፣ «መምህሩ ተሳሳትኩ ያለባትን ቀን ጻፉልኝ» አለ። ሳቁ። ተክሌ አልሳቀም። ካርታውን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ።

እሑድ 21

የአውቶቡሱ ሰዓት አለፈ። ደወልኩ። ብዙ ጠራ። አነሳው።

«የት ነህ?»

«እቤት ነኝ፣ መምህሬ። ልክ የሆነውን ወር ንገረኝ።»

እምቢ ልል ነበር። ግን የጠየቀኝ ጂኦግራፊ ነው። «ሰኔ» አልኩት። «ያንን ሳህን ግን ጣለው፣ ሲያዩት ያስጠላል።»

ከሰዓት በኋላ ጋራዥ ገብቼ ያስቀመጥኩትን እንጨት አየሁት። ወፍራም ነው። ገበቴ ይወጣዋል።