ተራውን ማን ይቀይር?

ጥር 13፣ ሰኞ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ፕሪንተሩ ይንጫጫል። የሳምንቱ የመስኖ ተራ እየወጣ ነው፤ ለወለንጪቲ፣ ለአቦምሳ፣ ለአዳሚ ቱሉ። ወላጅ ክላሱን፣ ማለት የኮምፒውተሩን ዋና ፕሮግራም፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የሁሉም የጋራ ሕግ እሱ ውስጥ ነው። ልጆቹን፣ ማለት የየቦታውን ፕሮግራም፣ ገመቹ ይጽፋል። መ/ቤት ከገባ ገና ሁለተኛ ዓመቱ፣ ግን ፈጣን። ወላጁ ያለውን ልጁ መሻር ይችላል፤ ሁሉንም ክፍት ትቼለታለሁ። ለጋስ ነኝ፣ ደብተሬ።

ጥር 16፣ ሐሙስ

ከወለንጪቲ መጥፎ ወሬ። የአዴ ቢሊሌ ሽንኩርት ደርቋል። ባላቸው የሞተባቸው፣ ያቺን ማሳ ብቻ ይዘው የቀሩ ሴትዮ ናቸው። ተራቸው ወረቀቱ ላይ የለም። የውሃ አባቱ ወረቀቱን አምኖ የቦዩን በር አልከፈተላቸውም። ሁለት ሳምንት ሙሉ።

ፈልጌ አገኘሁት። ገመቹ ተራ የሚያወጣውን ክፍል ለወለንጪቲ እንዳለ ሽሮ በራሱ ጽፎታል። በገበያ ቀን በሩ ላይ ሰው አይገኝም፣ ያን ቀን ሊዘል። ሐሳቡ ደግ ነው። ግን ማንም ሳይደርሰው እንዳይቀር የምትቆጣጠረው መስመሬ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበረች። አብራ ተሻረች፤ የገበያ ቀን ተረኛዋ አዴ ቢሊሌም ከወረቀቱ ወደቁ። እዚያ መኖሯን አልነገርኩትም።

ጥር 17፣ ዓርብ

በንዴት ሁሉንም ዘጋሁ። ልጅ ምንም አይሽርም፣ አበቃ። ከሰዓት ግን ገመቹ መጥቶ፣ እትዬ ሰብለ፣ የገበያ ቀን የሚለቀቀውን ውሃ ማን ሊጠብቅ ነው አለኝ። ያልተጠበቀ ውሃ የጎረቤት ማሳ ይዞ ይሄዳል። አዳማ ቁጭ ብዬ የወለንጪቲን ገበያ እኔ ምን አውቃለሁ? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት እኔ ነኝ። አፈርኩ።

ጥር 18፣ ቅዳሜ

ሥ/አስኪያጁ ጠራኝ። ፕሮግራሙን የነካካውን ሰው ስም በጽሑፍ ይፈልጋል፣ እስከ ሰኞ። አሻጥር የምትል ቃል ጣል አደረገ፣ ሻዩን እያማሰለ። በዚያች ቃል የተጠራ ሰው ከቢሮ ወጥቶ ቤቱ ሳይደርስ ሲቀር አይቻለሁ።

ገመቹ ሲሰማ፣ የኔን ስም ይጻፉ፣ ሚስት የለኝ ልጅ የለኝ አለ። እናቱን ረስቷቸው ነው? ዝም በል አልኩት።

ጥር 19፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ በእርሳስ ሠራሁት። ተራ ማውጣቱ የወላጁ ሥራ ነው። ቁጥጥሩም የተዘጋ፣ ማንም አይሽረውም። መሃል ላይ ግን ወላጁ ልጁን አንድ ነገር ይጠይቃል፤ በዚህ ቀን በሩ ላይ ሰው አለ? ክፍት የተውኩት መልሱን ብቻ ነው። የለም ካለ ተረኛው ለማግስቱ ይሻገራል እንጂ አይጠፋም። የቱ እንደሚሻር፣ የቱ እንደማይሻር በወረቀት ጻፍኩለት። ይህን ያኔ ብጽፍለት ኖሮ!

ጥር 20፣ ሰኞ፣ 2፡30

አዲሱ ተራ ታተመ። ነገ መጀመሪያ አዴ ቢሊሌ። የውሃ አባቱ የሽንኩርቱ ግማሽ ከሥሩ ያንሰራራል ይላል። ገመቹ ወረቀቱን ይዞ በጠዋቱ አውቶቡስ ሊሄድ ነው።

የሥ/አስኪያጁ ቅጽ ፊቴ አለ። አጥፊው ከሚለው አጠገብ ባዶ መስመር። ገመቹ የሻረው እኔ ሻር ብዬ የተውኩለትን ነው። ስሜን ከነአባቴ፣ ከነአያቴ ጻፍኩበት።

አሁን የገመቹ ስም ያለው አንቺ ላይ ብቻ ነው፣ ደብተሬ። መሳቢያው ውስጥ ቆልፌሽ ቁልፉን ለራሱ ለገመቹ ሰጥቼ፣ ቅጹን ይዤ ወደ ሥ/አስኪያጁ እሄዳለሁ።