በሴቶች በኩል

ውድ አባ ወልደ ጻድቅ፣

የእጅዎ በረከት ይድረሰኝ። ሁለት ጊዜ ስልክ ደውዬ አፍሬ ስለዘጋሁት ነው የምጽፈው። ቤዛ፣ ለአጎትሽ ስታነቢላቸው የማፍርበትን ቦታ እንዳታልፊው።

ለጊዮርጊስ በዓል ሰቆጣን ለቅቀው ሊመለሱ፣ ገደሉንም ብቻዎን ሊወጡ መሆኑን ሰማሁ። ሐኪሞቹ ዓይንዎ ከእንግዲህ እንደማይመለስ ነግረውዎት እንኳ! ግትርነትዎን አውቀዋለሁና አልከራከርዎትም። ግን ሳይነሱ ይህን ይስሙኝ።

ለሕክምና ሲሄዱ አደራ ሰጥተውኝ ነበር። መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ጋ፣ በምርኩዝዎ ዳብሰው እንዲያገኙት፣ በትክክለኛው መንገድ አፍ ላይ ድንጋይ እንድከምር። "በሴቶች በኩል ክመሪው" አሉኝ። "እሺ አባ" አልኩ። ከጎጃም ተመድቤ ከመጣሁ ጀምሮ ሁለት ዓመት የክትባት ሳጥን አዝዬ ከኋላዎ ወጥቻለሁ። "አንዱን ስታነሺ ሦስቱ ይያዙ" እያሉ እጅና እግሬን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ከዚህ በላይ የማላውቀው ያለ አልመሰለኝም።

ሴቶቹ ውሃ የሚቀዱት በግራው መንገድ ነው። እዚያ ከመርኩት። ከምንጩ ወዲያ ያለውን መንገድ ናዳ እንደወሰደው እያወቅሁ፣ አባ ያሉት ነገር አይሳሳትም ብዬ።

ባለፈው ማክሰኞ ስወርድ እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ክምሩን ሲሳለሙ አገኘኋቸው። ለካ ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑ ስለሚታይ መንገደኛው መሳለሚያ አድርጎታል። ድንጋይ እየጨመረበት ወገቤ ደርሷል። እየሳቅሁ የማን ምልክት እንደሆነና እርስዎ "በሴቶች በኩል" እንዳሉኝ ነገርኳቸው።

እሳቸው አልሳቁም።

"ምነው ልጄ! ቄስ 'በሴቶች በኩል' ሲል እኮ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሴቶች የሚቆሙበትን ነው። ደቡቡን። ቀኙን!"

በገዛ እጄ ወደ ገደል ልልክዎ ነበር፣ አባ።

ላፈርሰው ስጎነበስ እጄን ያዙኝ። "የተሳለምነውን አትንኪ። አባ ራሳቸው መጥተው ይወስኑ።"

"እማማ፣ አባ እኮ ይህን በምርኩዛቸው ሲነኩ ነው ወደ ናዳው የሚታጠፉት" አልኳቸው።

እሳቸውም ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና የላይኛውን ድንጋይ ተሳልመው አነሱ። እኔም ተከተልኩ። አንድ በአንድ እየተሳለምን ወደ ቀኙ አጋዝነው፤ ከንፈሬ አፈር በአፈር ሆነ። እዚህ ላይ ቢስቁብኝ አልቀየምም።

ግን ትናንት ሳልፍ በግራው በኩል ሦስት አዲስ ድንጋዮች ተቀምጠው አገኘሁ። ሰው አንዴ የተሳለመበትን ቦታ አይተውም።

ስለዚህ ምርኩዝዎ ድንጋይ ቢነካ አይመኑት። የጊዮርጊስ ዋዜማ ከጠዋት ጀምሬ እዚያው ቆሜ እጠብቅዎታለሁ። እንደ አባቴ እንደምወድዎ ፊት ለፊት ነግሬዎት አላውቅም፤ ያን ቀን እነግርዎታለሁ። በሴቶች በኩል፣ በወንዶች በኩል ብዬ ግን አልጠራዎትም። "አባ፣ ወደ ድምፄ ይምጡ" ነው የምልዎ።

ደቡብን ዘግይታ የተማረች ልጅዎ፣
የትናየት
ከአምደወርቅ በላይ