ማርስ ለምን ቀላች

ሰኞ

ማን ተናገረ? ከጠዋት ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ እንዳለቀ ዳይሬክተሩ ቢሮ አስጠሩኝ። ተነስተው በሩን ራሳቸው ዘጉት። «ሙሉነሽ፣ አርብ ዕለት ስድስተኛ ለ ምንድን ነው ያስተማርሽው?» አሉኝ። ሳይንስ አልኳቸው፤ ለፀሐይ ቅርብ የሆኑትን አራቱን ፕላኔቶች ማወዳደር።

«ቀይዋ ሕይወት የላትም ብለሻል?»

ብያለሁ።

«የቀላችውም ስለዛገች ነው ብለሻል?»

እሱንም ብያለሁ። ግንባራቸውን ያዙ። ከዚያ ሐሙስ ሦስት ሰዓት አውራጃው ጽሕፈት ቤት እንደምቀርብ ነገሩኝ። ለማንም እንዳልተነፍስም አስጠነቀቁኝ።

ሐሙስ እንዳይጠፋብኝ ያልኩትን እዚህ ልጻፈው።

ሜርኩሪ፦ ከአራቱ ትንሿ። አየር የላትም ማለት ይቻላል። ፀሐይ ያረፈበት ጎኗ ይነድዳል፣ የጨለመው ጎኗ በብርድ ይደርቃል።
ቬኑስ፦ መሬትን ልታክል ምንም አይቀራት። አየሯ ወፍራም ነው። ከሜርኩሪ ይልቅ ከፀሐይ ትርቃለች፣ ግን ሙቀቷ ይብሳል።
መሬት፦ ውሃ፣ የሚተነፈስ አየር፣ እኛ።
ማርስ፦ በወርድ የመሬት ግማሽ ብትሆን ነው። ቀዝቃዛ። አፈሯ ውስጥ ያለው ብረት ስለዛገ ቀይ ናት። እስካሁን ሕይወት አልተገኘባትም።
አራቱም ድንጋይ ናቸው፤ ሰው ሊቆምባቸው ይችላል።

ይኼው ነው። መጠናቸውን ለማሳየት አራት ድንች ይዤ ገብቼ ነበር። መጽሐፉ ማርስ ቀይ ናት ይላል እንጂ ለምን እንደቀላች አይልም። ዝገቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ ከማሠልጠኛ ደብተሬ። ምን አስለፈለፈኝ?

ክፍሉ ውስጥ ስልሳ ስምንት ልጅ ነበረ። መስኮቱ ሥር ደግሞ የሥራ ባልደረባዬ ጋሽ ኤርሲዶ ቆመው ነበር። ጠመኔ ፈልጌ ነው ብለውኝ ነበር። ጠመኔውን ግን ሳይወስዱ ሄዱ።

ማክሰኞ

ጋሽ ኤርሲዶ ናቸው።

በምሳ ሰዓት ከአውራጃው ግቢ ሲወጡ በዓይኔ አየኋቸው። ኮታቸውን በክንዳቸው ይዘው፣ መሬት መሬት እያዩ። ሃያ ዓመት ያስተማሩ ሰው! መጀመሪያ ስመጣ ቤት የፈለጉልኝ እሳቸው ናቸው። በሀዲያ ቋንቋ ሰላምታ ያስተማሩኝም እሳቸው። «የዱራሜ ልጅ ሆነሽ ሆሳዕናማ አይከብድሽም» ይሉኝ ነበር።

የምፈራው ነገር ሞልቶኛል። ወንድሜ ዱራሜ ቤቱ ውስጥ ሰው ሰብስቦ ጸለየ ተብሎ ታስሯል፤ ወር ሊሞላው ነው። ቤቴ ቢፈተሽ በከምባትኛ የጻፍኩት የመዝሙር ደብተር አልጋዬ ሥር ነው። አንስቼ ወደ አከራዬ ወደ እትዬ ራሕማ ሄድኩ። ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። ሣጥናቸው ውስጥ ከልብስ ሥር ከተቱት፣ ከዚያ ሳቁ። «እኔ ቤት የጴንጤ መዝሙር ማን ብሎ ይፈልጋል?»

ከሰኞ ወዲህ ጥርሴ የታየው ያኔ ነው። ማታ መሬትንና ቬኑስን ቀቅዬ በላሁ። ማርስ በስብሳ ነበር፣ ጣልኳት።

ረቡዕ

ክፍል ውስጥ ሁሉም ፊት ጠቋሚ መሰለኝ። አንድ ልጅ ጓደኛው ጆሮ ላይ ሲያንሾካሽክ ጮህኩበት። እርሳስ እየተበደረ ነበር ለካ። አፈርኩ።

አለሚቱ ዛሬም አልመጣችም። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ከፊት የምትቀመጠው። ቬኑስ እንዴት በሙቀት ከሜርኩሪ ልትበልጥ ትችላለች ብላ ሞግታኝ ነበር። ቬኑስ ጋቢ ደርባለች፣ ሜርኩሪ ግን ራቁቷን ናት ስላት ነው የገባት።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ኤርሲዶ መምህራን ክፍል አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ነገ ሦስት ሰዓት ነው አይደል?» አሉኝ።

እኔ ለማንም አልተናገርኩም! ደሜ ፈላ።

«ወሬውን ያቀበሉት እርስዎ ነዎት» አልኳቸው። «እኔ ምን በደልኩዎት?»

ኮታቸውን አንስተው ወጡ። እውነት ባይሆን ኖሮ አንድ ቃል ይመልሱ ነበር።

ሐሙስ

ተመልሻለሁ። ቤቴ ነኝ።

አግዳሚው ላይ ብዙ አስጠበቁኝ። በሩ አጠገብ አንድ ጸሐፊ ታይፕ ይመታሉ። አወቅኳቸው፤ የአለሚቱ አባት ናቸው። ቀና ብለው አላዩኝም።

ሃላፊው በዕድሜ ከእኔ ብዙ የሚበልጥ አይደለም። ካኪው ተተኩሷል። ጠረጴዛው ላይ የልጅ ደብተር አለ፣ የእጅ ጽሕፈቱን ገና ሳየው አወቅኩት። የአለሚቱ ነው።

«ልጅቷ ቤት ውስጥ ጮክ ብላ ስታጠና አባቷ ሰምቶ አመጣልን። ንቁ አባት ነው» አለኝ። ውጭ ታይፑ ቆመ።

ከዚያ ጥያቄው መጣ።

«ቀይ ማለት ዝገት ነው ብለሻል፣ ጓድ መምህርት። ምን ለማለት ነው?»

«ስለ ማርስ አፈር ነው፣ ጓድ።»

«ከፀሐይ የራቀችው ከቀረበችው ይልቅ ታቃጥላለች ያልሽውስ? ፀሐይ ያልሽው ማንን ነው?»

«ፀሐይን ነው» አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ወንድሜን በስሙ ጠራው፣ የት እንደታሰረም ነገረኝ።

በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ኤርሲዶ! አለቀልኝ አልኩ፤ ሊመሰክሩብኝ ነው። ከብብታቸው ቀጭን መጽሐፍ አውጥተው ምልክት ያደረጉበትን ገጽ ዘርግተው አስቀመጡ። ሞስኮ የታተመ ነው። ሃላፊው ጣቱን እያስኬደ አነበበ።

«ሶቪየቶች ናቸው ዝገት ነው ያሉት?»

«አዎ ጓድ። ቬኑስ ላይ መሣሪያ ያሳረፉትም እነሱ ናቸው። ሙቀቱን ለክተው ነው የጻፉት።»

ሽፋኑን ገልብጦ የታተመበትን ከተማ ደግሞ አየ። በመጨረሻ «ሳይንስ ከሆነ ሳይንስ ነው» አለ። «ወደፊት ግን ቀለም ስታነሺ ተጠንቀቂ።»

ደብተሩን አልመለሰም።

አርብ

ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከክፍሎቹ ጀርባ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር አገኘኋቸው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዘው አስቆሙኝ።

«ቆይ ልጄ። ሙሉ በሙሉ አልተሳሳትሽም» አሉኝ።

ከመስከረም ጀምሮ በየሳምንቱ ስለ እኔ እንዲጽፉ ታዘዋል። በወንድሜ ምክንያት። መስኮቱ ሥር የቆሙት ለዚያ ነበር። ማክሰኞ ከዚያ ግቢ ሲወጡ ያየኋቸውም ወረቀቱን አስረክበው ነው፤ የሐሙሱን ቀጠሮ የሰሙት ያኔ ነው።

«ምን ብለው ጻፉ?» አልኳቸው።

«ድንች ይዛ ገባች። እንደ መጽሐፉ አስተማረች።»

«ዝገቱንስ?»

«ዝገቱን አልሰማሁም። ጆሮዬ ደክሟል።»

ጆሯቸው ደህና ነው።

«ወደፊትስ?» አልኳቸው።

«ወደፊትም እጽፋለሁ። እኔ እምቢ ካልኩ ለሌላ ሰው ይሰጡታል፤ ያ ሰው ምን እንደሚሰማ አላውቅም።»

ላመስግናቸው ወይስ ልሽሻቸው? እጃቸውን ጨበጥኩና ሄድኩ። አሁንም አላወቅኩም።

ሰኞ

ስለ ወንድሜ ምንም ወሬ የለም።

አለሚቱ መጣች። ከፊት ወንበሯ ተነስታ ከኋላ ግድግዳው ሥር ተቀምጣለች። ደብተር የላትም። አዲስ ሰጠኋት፤ በሁለት እጇ ተቀበለች፣ ዓይኔን ግን አላየችም። አባቷ ክፉ ሰው አይመስሉኝም። ግድግዳቸው ጭቃ ነው፤ ጎረቤት ሰምቶ ሳይቀድማቸው ብለው ይሆናል። ይህን ሁሉ ለእሷ እንዴት እነግራታለሁ?

ዛሬ ከማርስ ወዲያ ስላሉት ስለ ትልልቆቹ አስተማርኩ። ቀለም አላነሳሁም። ጥያቄ ያለው ስል ማንም እጅ አላወጣም። ደወሉ ሊደወል ሲል አለሚቱ ተነሳች።

«ቲቸር፣ ቤት ስናጠና ድምፃችንን እንቀንስ?»

ክፍሉ በሙሉ ከእሷ ወደ እኔ ዞረ። መስኮቱን አየሁ፤ ባዶ ነው።

«ጮክ ብላችሁ አጥኑ» አልኳቸው።

ከኋላ ያሉት አልሰሙኝም። «ምን አሉ?» ተባባሉ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩላቸው።