የእማማ በር

ጥቅምት 8

ስሰፋ ዋልኩ። የሙሽራዋ ቀሚስ ወገቡ ላይ አሁንም እምቢ አለ... እኔ አጥብቤው ነው ወይስ እሷ ወፍራ? ልጠይቃት አልደፈርኩም።

እማማ አጠገቤ ተቀምጠው ቁልፍ ሲለዩልኝ ነበር። ማየት ካቆሙ ስንት ዓመታቸው፣ ጣታቸው ግን አይሳሳትም። "ይሄ የሸሚዝ ነው። ይሄ የኮት። ይሄ ደግሞ የማነው?" ከሟቹ ባሌ አሮጌ ካፖርት የወደቀ ነበር። የማን እንደሆነ አላውቅም አልኳቸው። ዳሰስ ዳሰስ አድርገው ኪሳቸው ከተቱት። የእሱ እናት አይደሉ? ሳያውቁት አይቀሩም።

ከሰዓት ጎረቤታችን ጋሼ ጥሩምባ በአጥሩ ላይ ተጣራ። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ድምፁ ራሱ ጥሩምባ ሆኗል፤ ሰፈሩ ስም ያወጣለት ያለነገር አይደለም።

"ሰማሽ? ሕንፃ ሊሠሩልን ነው!"

"ለማን?"

"ለእኛ ነዋ! የአራታችንን ቦታ አንድ አድርገው፣ ባለ አምስት ፎቅ። ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ!"

"እስቲ እናያለን" አልኩት። እኔ እናያለን ካልኩ እምቢ ማለቴ ነው። እሱም ያውቃል።

ጥቅምት 15

የሕንፃ ሠሪው ድርጅት አርክቴክት መጣች። ልጅ እግር ናት፣ ትሁት። ሥዕሉን መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። የእኔ መኝታ ቤት ያለበት ቦታ ላይ ደረጃ ሥላለች። የማላውቀው ሰው በአልጋዬ ላይ ሽቅብ ሲወጣ ታየኝ...

ሕንፃው እስኪያልቅ ኪራይ ቤት ይሰጡናል። ሲያልቅ እያንዳንዱ ቤተሰብ ወይ አንድ ትልቅ አፓርታማ፣ ወይ ሁለት ትንንሽ ይወስዳል። ሌሎቹ ሦስቱ እሺ ብለዋል። የእኛ ቤት መሐል ላይ ስለሆነ ግን እኛ ካልተስማማን ነገሩ እንዳለ ይቀራል።

"አማቴ ዓይነ ስውር ናቸው" አልኳት። "ቤቱን የሚያውቁት በእጃቸው ነው። ከዚህ ማውጣት መግደል ነው።"

ልጅቷ ሥዕሏን ጠቀለለች። "ይቅርታ፣ አላወቅኩም ነበር።"

እማማ ጓሮ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ምን ብዬ ልንገራቸው? ማስጨነቅ ነው ትርፉ።

ጥቅምት 16

ጋሼ ጥሩምባ ዛሬ ሰላም አላለኝም። ጸጥታው ጆሮዬን አመመኝ።

ጥቅምት 22

ራሱ መጣ። ቆሞ ነው ያወራኝ።

"ልጄ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ ሳሎኔ ውስጥ ነው የሚተኛው። ሽንት ቤት ለመሄድ ስነሳ የማልረግጠው ሰው የለም። ሕንፃው ቢሠራ እነሱም ቤት ይኖራቸዋል፣ እኔም እግሬን የማሳርፍበት አገኛለሁ።" ድምፁን ዝቅ ለማድረግ እየሞከረ ነበር። የእሱ ዝቅታ የሌላው ጩኸት ነው።

"አውቃለሁ ጋሼ። ለእማማ ብዬ ነው።"

"ለእማማ ከሆነማ... ምን እላለሁ።" አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ዘወር ስል እማማ የክፍላቸው በር ላይ ቆመዋል። የእሱን ድምፅ ማን ሳይሰማ ይቀራል?

"ለእኔ ብለሽ ነው?"

"ምኑ?"

"እምቢ ያልሽው።"

"አዎ እማማ... እዚህ ለምደዋል ብዬ..."

"እኔን ጠይቀሽኛል?"

ተመልሰው ገቡ። ግድግዳውን እንኳ አልዳሰሱም።

ጥቅምት 23

አኩርፈዋል። የሰጠኋቸውን ሸሚዝ ቁልፍ ግን ተክለው አስቀምጠውልኛል። አኩርፎ መሥራት ከእሳቸው ሌላ ማን ይችልበታል?

ጥቅምት 25

ቁርስ ላይ ተነፈሱ።

"ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ግን ነቀዘብኝ፣ ልናገር።" ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። "ለምደዋል አልሽ። ምኑን ነው የለመድኩት? ከአልጋ ወንበር፣ ከወንበር ጓሮ፣ ከጓሮ አልጋ። ድሮ በዚህ ደጅ ሰው ይወጣ ይወርድ ነበር። ዛሬ ሁሉም ከበሩ መኪናው ውስጥ ገብቶ እብስ ነው። ያ ጥሩምባ ባይጮህ ሰው መኖሩንም እጠራጠር ነበር። ታች ሱቅ ይኖራል አላለም?"

"ብሏል።"

"ሱቅ ካለ ሰው አለ። ሰው ካለ ወሬ አለ። ወሬ ናፍቆኛል፣ ልጄ።"

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

"መውጣት የማትፈልጊው አንቺ ነሽ። እኔን ከፊት አስቀድመሽ ከኋላዬ ቆምሽ።"

እውነት ይሆን? ስፌቱ አልሄድ አለኝ። ተነስቼ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ባሌ ነው የቀባው፤ ከብሩሹ የተነቀለች ፀጉር ቀለሙ ውስጥ ደርቃ ቀርታለች። በጣቴ እነካታለሁ። ሁልጊዜ ነው የምነካት... ለካ ቤቱን በእጄ የማውቀው እኔም ነኝ።

ጥቅምት 30

ለአርክቴክቷ ደውዬ ሥዕሉን ለመንኳት። ነጭ ጨርቅ ወጥሬ በወፍራም የሱፍ ክር ጠለፍኩት። ግድግዳው ክር፣ በሩ ክፍተት። እንዲህ ያለ ነገር ሰፍቼ አላውቅም። እማማ ይረዱት ይሆን?

ኅዳር 2

አርክቴክቷ ባለችበት ጨርቁን ጭናቸው ላይ ዘረጋሁላቸው። ጣታቸው ክሩን ይዞ ሄደ፣ ሄደና ቆመ።

"ይሄ ክፍተት?"

"በር ነው።"

"የማን?"

"የእኛ። ትልቁን ነው የምንወስደው፣ ሁለታችን እንደልባችን..."

"አይሆንም። ሁለት ትንንሽ ይሁን። ጎን ለጎን። እኔ የራሴን በር እፈልጋለሁ።"

"ምን በደልኩዎት?"

"በደል ብሎ ነገር የለም።" እጄን ፈለጉ። አገኙት። "ልጄ ሲሞት ገና አበባ ነበርሽ። እሄዳለሁ ብትዪ ማን ይይዝሽ ነበር? አልሄድሽም። ይኸው እስከዛሬ በርሽን ዘግተሽ ተኝተሽ አታውቂም፣ እኔን ለመስማት። እኔ ደግሞ ሳሌ ሲመጣ ትራስ ውስጥ ነው የምስለው፣ እንዳትነሺብኝ። ሁለታችንም እንቅልፍ አጣን እኮ! አሁን አንኳኩተሽ ግቢ። አንኳኩተሽ ስትገቢ ጠባቂዬ ሳይሆን እንግዳዬ ትሆኛለሽ።"

ትራስ ውስጥ? ይሄን ሁሉ ዘመን?

አለቀስኩ። አርክቴክቷ አፍንጫዋን እየጠረገች ማስታወሻዋን ትፈልጋለች፤ ማስታወሻዋ እጇ ላይ ነው።

ኅዳር 6

ፈረምን። ጋሼ ጥሩምባ ዜናውን ለሰፈሩ ለማዳረስ ስልክ አላስፈለገውም።

ጥር 11

ዕቃው ተጫነ። እማማ በየባዶው ክፍል እየገቡ "ደህና ሁን፣ ደህና ሁን" አሉ። ለቤቱ ነው ወይስ ለልጃቸው? አልጠየቅኳቸውም። እጃቸውን ይዤ ወጣን።

ጥር 14

ኪራይ ቤቱ። እማማ ጉልበታቸውን ከበሩ መቃን ጋር አጋጩ። ደነገጥኩ። "ተዪው፣ እየተዋወቅን ነው" አሉኝ።

ነሐሴ 20

ግንባታው ቆሟል። ዝናቡ ነው ይላሉ። እማማ ከሰሞኑ ደክሟቸዋል፤ ሳላቸው ጠንቷል። ትራሱን ግን ወስጄባቸዋለሁ፣ እንደልባቸው ይሳሉ ብዬ። ሐኪሙ ዕድሜ ነው ብሎ አሰናበተን። ሳይገቡበት ቢቀሩስ... አልጽፈውም።

ግንቦት 19

ይህን ደብተር ዛሬ ካርቶን ውስጥ አገኘሁት። ስንት ጊዜ ሆነ? ዓመት አልፎ ሌላ ዓመት።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነን። ከገባን ገና ሳምንታችን ነው። ታች ዳቦ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ የእኔም ስፌት ቤት ጥግ ላይ። የጋሼ ልጅ ከነቤተሰቡ ከላያችን ነው፤ ልጆቹ ሲሮጡ ጣሪያው ይንኳኳል። እማማ "ዝናብ መጣ" ይላሉ።

ዛሬ ከሰዓት ሥራ ስጨርስ ሾርባ ሠርቼ በሳህን ያዝኩና ወደ እማማ ሄድኩ። እጄ እንደልማዱ የበሩን እጀታ ያዘ። ለቀቅኩት። አንኳኳሁ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ እማማ።"

ውስጥ ሳቅ ነበር። የፀጉር ቤቷ ሴትዮ ድምፅ፣ የጋሼ ጥሩምባ ሳቅ፣ ሌላም የማላውቀው ሰው።

"ልጄ፣ እንግዶች አሉብኝ! ጨዋታ ይዘናል፣ ትንሽ ቆይተሽ ነይ!"

ኮሪደሩ ላይ ሳህኔን እንደያዝኩ ቀረሁ። ከዛ ሳቄ መጣ... ብቻዬን፣ እንደ እብድ።

ቤቴ ተመለስኩ። ሾርባውን ራሴ ጠጣሁት። ገና ፀሐይ አለ። የሚጠራኝ የለም፣ የምጠብቀው የለም። ለራሴ የሆነ ከሰዓት ምን ይደረግበታል?

ውሃ ሰማያዊ ቀሚሴን ለበስኩ፤ ለሰው ስሰፋ ኖሬ ለራሴ የሰፋሁት እሱን ብቻ ነው። ቦርሳዬን አንጠለጠልኩ። እየወጣሁ ነው። ወዴት እንደሆነ ስደርስ አውቀዋለሁ።